«ደመና ብትጠብቅ ኖሮ»

እሁድ

ዛሬም የአባ አውራ ጣት ፎቶው ውስጥ ገብታለች! ከአሸተን ማርያም ሆነው ያነሱት ጭልፊት እንዲያ አምሮ፣ ጥጉን ጣታቸው ይዛዋለች። የቴሌግራም የፎቶ ግሩፓችን ደንብ መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ አንድ እርማት ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ወሬ ስወድ! «አባ፣ ጭልፊቱ ግሩም ነው፤ ጣትዎን ግን ሰብሰብ ያድርጉልን» አልኳቸው። «እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት፣ ተያት» ብለው መለሱ። ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። እንግዳ የማይመጣበት ሆቴል፣ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ሌላ ምን ልሥራ?

ከፍላቂት ወዲያ የሚያርሰው አስረስም ማሳውን ልኳል። ታርሶ የተዘጋጀ መሬት፣ ከኋላው ገደሉ፣ ከላይ ሰማይ። እንዲህ ጻፍኩለት፦ «የትልሙ መስመር ዓይን ይስባል፣ የአፈሩ ቀለም ደግሞ ጉድ ነው! ሰማዩ ግን ባዶ ሆነብኝ። ደመና ብትጠብቅ ኖሮ!» ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ

አስረስ መልሷል። አንዲት መስመር።

«እኛም እሱኑ እየጠበቅን ነው፣ እትዬ ጥሩ።»

እኔን ይድፋኝ! የበልግ ገብስ መዝሪያው እያለፈ፣ ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ ለሚያይ ሰው ደመና ጠብቅ አልኩት። ያውም በሰው ፊት። አባም «አቤቱ ማረን» ብለው ጻፉ። ያራሽ ልጅ ነኝ እኮ። ደመና ለፎቶ ማድመቂያ የሆነብኝ መቼ ነው?

ማክሰኞ

ደወልኩለት። ይቅርታዬን ስደረድር አቋረጠኝ፦ «ኧረ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ባዶ ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እስከ ቅዳሜ ካልዘነበ ሚስቱ ዘሩን ልታስፈጨው ነው። እሱ ለቀን ሥራ ወልዲያ ይወርዳል። ስልኩ አንድ ስለሆነ ለእሷ ይተውላታል።

«ፎቶውስ?» አልኩት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ግን!

«በዚያው ያበቃል» አለኝ።

ሐሙስ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ሰማይ ሳይ ዋልኩ።

ዛሬ ከሰዓት ከአሸተን ራስ ላይ ደመና! ጥቁር፣ ወፍራም። ስልኬን ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁ፤ አነሳሁት። ለአስረስ ልልክ ጣቴን ዘርግቼ ተውኩት። ወዲያ እነሱ ጋ ደግሞ ጠራራ ቢሆንስ? ጠብ ሳይል ወደ ሰቆጣ በኩል ሄደ። ፎቶውን አጠፋሁት። እንደ ፎቶ ከሆነ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያማረ አላነሳሁም።

ዓርብ

አባን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ጸልዩለት» አልኳቸው። «ከጀመርኩ ቆይቻለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ። ስለ ጣታቸው አልቀለድንም።

ቅዳሜ

አልዘነበም።

በጠዋት አስረስ ፎቶ ላከ። ያው ማሳ ነው፣ ሰማይ ግን የለበትም። ከጥግ እስከ ጥግ አፈርና ትልም ብቻ። ከሥሩ፦ «ሰማዩን ቆርጬ ጣልኩት፣ እትዬ ጥሩ። አሁንስ እንዴት ነው?»

ይሄ ግሩፕ እንዲህ ያለ ፎቶ አይቶ አያውቅም። እኔ ወሬኛዋ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ቀትር ላይ በቃሌ ልንገረው ብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ሚስቱ ናት። ከኋላዋ ኃይለኛ ጩኸት አለ።

«ማን ልበል? ወፍጮ ቤት ነኝ፣ አይሰማኝም!»

«ጥሩ ነኝ፣ ከላሊበላ! አስረስ አለ?»

«ሄዷል! በጠዋቱ መኪና!»

ዘጋሁት። ማን እንደሚያነበው አላውቅም፤ ቢሆንም ከፎቶው ሥር ጻፍኩ፦ «የትልሙ መስመር አሁንም ዓይን ይስባል።»

እርማቱን ተውኩት።