በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ዓመት ስላረጀው ማመልከቻ

ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. (በእርስዎ መዝገብ ጁላይ 15 ቀን 2020)
አቡ ዳቢ

ለክብርት ወይዘሮ እቴነሽ፣
በአቡ ዳቢና በአል አይን የኢትዮጵያውያን ባለሙያ ሴቶች ማኅበር የመዝገብና የበጎ አድራጎት ክፍል ኃላፊ

ክብርት ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዛግብትዎ በዚህ ክፉ ዘመን በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የስድስት ዓመት አባልዎ፣ በሳዲያት የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበርኩትና አሁን እስክንጠራሽ ቤት ተቀመጪ የተባልኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልዎት ደህና ስላልሆነችው ስለ እማዋይሽ ነው።

እማዋይሽን ስለማያውቋት ላስተዋውቅዎ። አል አይን፣ አል ሂሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤት የሰው ልጆች ስታሳድግ የኖረች፣ ስኳር ያለባት፣ በበዓል ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ አቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከጎኔ የምትቆም፣ የሥጋ ዘመዴ ባትሆንም እህቴ ነበረች። በሚያዝያ ወር ቢያስላት አሠሪዋ ማዳም «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ከነሻንጣዋ ከበር ውጭ አስቀመጠቻት። ጎረቤት ያለውን የቴምር እርሻ የሚጠብቀው የወሎው ሰው ጧሂር ክፍሉን ለቀቀላትና እሱ ከዛፍ ሥር ማደር ጀመረ። ጧሂር ባለሙያ ሴት ስላልሆነ የማኅበራችን አባል አይደለም። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1. ማኅበራችን ለተቸገሩ እህቶች ብሎ አቡ ዳቢ ውስጥ የተከራየው፣ የፍራሾቹ ላስቲክ እንኳ ያልተገፈፈው ክፍል ባዶውን እንደሚያድር አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ለአራት በምንኖርበት የሆቴሉ መኖሪያ እንግዳ ማሳደር ስለማይፈቀድልኝ፣ ግንቦት 3 ቀን ለእማዋይሽ አንድ ፍራሽ ለመለመን ቅጽዎን ሞላሁ። ቅጹ በአማርኛ ነውና እጄ እንደለመደው 3/9/2012 ብዬ ጻፍኩ። ክፍልዎ ይህን ሴፕቴምበር 3 ቀን 2012 ብሎ አነበበው። ግንቦት 17 ቀን በላከልኝ መልስም ማመልከቻው ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈው በመሆኑ ወደ አሮጌ ፋይል መዛወሩን፣ አመልካቿም ይህን ያህል ዘመን ያለ እርዳታ ከቆየች ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ እንዳልተገኘ በትሕትና ገልጾልኛል።

ስለ ንባብዎ ጥልቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «በኮሮና ምክንያት ከቤት የተባረረች» ይላል። ዓለም ገና ስምንት ዓመት ቆይቶ የሚሰማውን በሽታ እማዋይሽ ቀድማ ታማው ነበር ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው! ይህን የመሰለ ነገር አንብቦ ቅንድቡን እንኳ ያላነሳ ጸሐፊ ስላለን ልንኮራ ይገባል።

2. በማግስቱ ስደውል፣ የተመዘገበ ቀን እንደማይሰረዝ፣ አዲስ ቅጽ እንደሚያስፈልግ፣ ለአዲሱ ቅጽ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የኢቃማዋ ቅጂ ግድ እንደሆነ ተነገረኝ። ኢቃማዋ ቪዛዋን ባወጣላት አሠሪ፣ በካፊሏ እጅ ነበር። ቅጂውን በምልጃ ስፈልግ ግንቦት 25 ቀን ከአል አይን ወደ አቡ ዳቢ ያለ ፈቃድ መጓዝ ተከለከለ። ቅጹን ከሞላሁ በኋላ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ መንገዱ ክፍት ነበር፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እሷ ያለ ኢቃማ ሆስፒታል መሄድ ፈራች። ጧሂር የምትበላበትንና መርፌዋን የምትወጋበትን ሰዓት በቴምር ካርቶን ላይ እየጻፈ ሲጠብቃት ከርሞ፣ መናገር ሲያቅታት አምቡላንስ ጠራ። ካርቶኑን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። የመጨረሻው መስመር «ሰኔ 6፣ ውሃ ብቻ» ይላል። እሱም ቀኑን የጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ግን የተሳሳተበት የለም። ሰኔ 9 ቀን አረፈች።

3. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ያቺን ቀን የጻፈችው የእኔ እጅ ናት። ዓ.ም. የምትል ነገር ጨምሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አድራለሁ፤ እናቷ ደውላ ስታለቅስም ይህን ልነግራት አልደፈርኩም። እርስዎ ሊነግሯት ፈቃደኛ ከሆኑ ስልኳን እሰጥዎታለሁ።

4. ሐምሌ 2 ቀን ክፍልዎ ስሕተቱ መታረሙን፣ ማመልከቻውም መጽደቁን አበሰረኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ ባለጌዎች፤ እኔ ግን አልልም። እማዋይሽ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ በአካል ቀርባ እንድትፈርም ታዝዛለች። ፎቶግራፉ አለኝ፤ ለለቅሶ ያሳተምነው ነው።

መዝገብዎን ከስርዝ ድልዝ፣ ፍራሾችዎን ከሰው ገላ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ጥሩወርቅ አባተ

ማሳሰቢያ፦ አመልካቿ በአሥራ አምስት ቀን ካልቀረበች ፍራሹ ለሌላ እንደሚሰጥ ደብዳቤዎ ይገልጻል። እባክዎ ቀኑ እስኪሞላ አይጠብቁ። ማሚት የምትባል እህት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በዚያው በጧሂር ክፍል፣ እማዋይሽ በነበረችበት አልጋ ላይ ተኝታ ታስላለች። የመንገዱን ፈቃድ ማኅበሩ ከጠየቀ ይሰጣል ብለውኛል ፖሊሶቹ። ቅጿን በሁለቱም አቆጣጠር ሞልቼ አያይዣለሁ፤ ስልኳም እላዩ ላይ አለ። ሲደውሉላት ታነሳለች፣ ለጊዜው።