እግሬና የፔሊካኖቹ ሽንፈት

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ አገኘሁ። የድሮው ሱፐርቫይዘር ስንት ዓመት ሲያስለምነኝ ኖሮ፣ አዲሷ ያለ ክርክር ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር ጨዋታ የምሄደው፣ ያውም ተራ ተቀያይሬ። ከእንግዲህ አያመልጠኝም።

ጠዋት ስታዲየሙ ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። የቡልቻ ቫን ኋላው ተከፍቶ፣ ጥብሱ ከሰል ላይ፣ የቤይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባንዲራ አንቴናው ላይ። ከአራታችን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማረው አሮን ብቻ ነው፣ ሳን ሆዜ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ልጅ። እኔ፣ ቡልቻና ፍሬምናጦስ የተመረቅነው ከፓርኪንጉ ነው። ከስደተኞች ካምፕ እንደመጣን እዚሁ መኪና እናስቆም ነበር። ጨዋታው ሳይታየን ጩኸቱን እየሰማን የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ የፔሊካኖቹ፣ ደጋፊ ሆንን። ደግሞ ምን ዓይነት ቡድን! ትልቁን አሸንፎ በትንሹ የሚዋረድ።

ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ሽንፈት ዞረ። ያሸነፍንበትን ማን ያወራል? የማን ቁስል ይበልጣል ነው ፉክክሩ።

ቡልቻ ጀመረ። ስሙ እንኳ የማይታወቅ ኮሌጅ፣ ለማሟሟቂያ ተብሎ የተጠራ፣ በሃያ ነጥብ እየመራነው አሸንፎን የሄደ ጊዜ። «ሠርጌ ላይ የጠራሁት እንግዳ ሙሽራዬን ይዞብኝ ሄደ!» አለ። ፍሬምናጦስ ሳቀበት። የእሱ የዝናቡ ጨዋታ ነው። አንድ ደቂቃ ቀርቷል፣ እየመራን ነው፣ ኳሷን አቅፎ መተኛት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። አመለጠች። አንዱ ከመሬት አንስቶ ሜዳውን ሙሉ ሮጠ፣ የነካው የለም። «እኔ በዚህ ጉልበቴ እደርስበት ነበር እኮ» አለ። ዛሬም ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሮን «ኖ ዌይ፣ የእኔን የሚያህል የለም» አለ። የአምናው። አሸንፈናል ብለን ሜዳ ገብተን ስንጨፍር ዳኛው አንድ ሰከንድ ይቀራል ብሎ አስወጣን። በዚያች ሰከንድ አገቡብን።

«ዋን ሰከንድ! ጋሼ ጥሩነህን አቅፌ እየዘለልኩ ነበር እኮ!»

ቡልቻ ሹካውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ቆይ… ያኔም ጥሩነህ ነበር?»

«ዝናቡ ላይ ዣንጥላ የያዘልኝ እሱ አይደል?» አለ ፍሬምናጦስ።

«በእኔም ጊዜ አጠገቤ ነበር!» አለ ቡልቻ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «እግረ ደረቅ!» አለኝ ቡልቻ ጀርባዬን እየመታ። እኔ ባለሁበት ያሸነፍንበትን አንድ ጨዋታ ላስታውሳቸው ፈለግሁ… አጣሁ። የእኔ ቁስል የትኛው እንደሆነ ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

ዛሬም በመጨረሻው ደቂቃ ተሸነፍን። ዘንድሮ አንድም ጨዋታ ባላሸነፈ ቡድን። ወደ መኪናችን ስንመለስ ማንም አላወራኝም።

መስከረም 18፣ እሑድ

ቀልድ ነው። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬን ለምን ትክ ብዬ አየሁት?

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

እየተመራን ነበር። ቡልቻ ጆሮዬ ሥር መጣ። «ጥሩነህ፣ አትቀየመኝ። እስቲ ለሙከራ ያህል ፓርኪንግ ቆይልን።» ወጣሁ። በቫኑ ሬዲዮ ሰማሁት፣ በኋላ ሬዲዮውም ሳያስፈልገኝ፣ እንደ ድሮው በጩኸቱ። አሸነፍን። ሦስቱም ሮጠው መጥተው አቀፉኝ። ስለወጣሁላቸው! ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ይዋሻል።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ቤት ቀረሁ። ማንም ሳይለምነኝ። አሸነፉ። ቡልቻ ፍሩትቬል ቤቴ ድረስ ጥብሱን በፎይል ጠቅልሎ አመጣልኝ። በር ላይ ሰጠኝ። ግባ ስለው «ቸኩያለሁ» አለ። እሱ ቸኩሎ ያውቃል?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሳሌም ደወለች። ልጄ፣ ያለችኝ እሷው ብቻ። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ልማዳችን። የምትወልደው ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው ብለዋታል። ባሏ ናዖድ ለሥራ በየስቴቱ እንደበረረ ነው፤ ቢኖርም ደም ሲያይ የሚወድቅ ልጅ ነው። እናቴ ስለሌለች አንተ ነህ አብረኸኝ የምትገባው አለችኝ። «ፕሮሚስ?» «ፕሮሚስ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሚስቴ ወለተ ማርያም ትዝ አለችኝ። ሆስፒታል የወሰድኳት ቀን። በራሷ እግር ሄዳ ነው የገባችው፣ ደህና ነበረች እኮ። በሩን የከፈትኩላት እኔ። መጀመሪያ የገባሁትም እኔ… ምን እያልኩ ነው? ልተኛ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ፍሬምናጦስ ሳን ፓብሎ የቅመማ ቅመም ሱቅ ከፈተ። ስንት ዓመት የተመኘው። ለምርቃቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ አልገባም አልኩ። ውጭ ሆኜ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ድፎ ዳቦ ቆርሶ ይዞልኝ ወጣ። ይህ ሰው ሰባኪ ማለት ነው፤ ገድ ምናምን ባዕድ አምልኮ ነው እያለ ስንቱን ገሥጿል። አንድ ጊዜ እንኳ ግባ ብሎ አልጎተተኝም።

እሱ ካመነ…

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አዋጥተው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዙልኝ። «ቤትህ ሆነህ ተዝናንተህ እንድታይ» አለ ቡልቻ። ማየቴ ችግር የለውም ብለው ተስማምተዋል፣ እግሬ ብቻ ነው። ተሰብስበው ፈርደዋል ማለት ነው? እኔ በሌለሁበት?

ግድግዳው ላይ ሰቅለውልኝ ሄዱ። ብቻዬን አየሁ። ማንም የማያስታውሰው አንድ ጨዋታ አለ፣ ሦስት ለዜሮ የተሸነፍንበት፣ የሚያንቀላፋ ጨዋታ። ወለተ ማርያምን ከቀበርን በኋላ ቡልቻ ይፍታታ ብሎ የወሰደኝ ቀን ነበር። ሰዉ ሁሉ እያዛጋ እኔ አለቀስኩ። ቢጠይቁኝ የእኔ ቁስል እሱ ነው። ዛሬ ብነግራቸው ግን የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ነበርክ ነው የሚሉኝ።

አሸነፍን። የጮኸ ሰው አልነበረም፣ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አሁንም አሸነፉ። እኔ ከቀረሁ ወዲህ ሽንፈት የለም። አሮን ደወለ። «ጋሼ፣ እነቡልቻ የሚሉትን ሲሪየስ እንዳያደርጉት። ራንደም ነው፣ አጋጣሚ።»

«እንግዲያው ለሚመጣው ቅዳሜ ልምጣ?»

የሚመጣው ቅዳሜ ከባላንጣችን ጋር ነው፣ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ።  «ከዚያ በኋላ ቢመጡስ?» አለኝ አሮን። የተማረው ልጅ!

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ሰነበትኩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። ከሰው ሁሉ ኋላ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። አፈርኩ። ምን ብዬ? አባ፣ በፉትቦል ምክንያት እግሬን ፈራሁት?

እነቡልቻ ጾም ሊገባ ነው ብለው ለነገ ሥጋውን በእጥፍ ገዝተዋል። የእኔ ድርሻ በፎይል ይመጣል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

የትናንቱን ልጻፍ። 

ጠዋት ሳሌም ደወለች። ምጥ። ጊዜዋ ሳይደርስ። ናዖድ ዴንቨር ነው፣ አውሮፕላን እየፈለገ። ጎረቤቷ ሆስፒታል አድርሳት ወደ ሥራ ሄዳለች። «ዳዲ፣ ጀስት ካም። ፕሊስ።»

በረርኩ። ከኦክላንድ እሷ እስካለችበት ሳን ሆዜ መንገዱ ባዶ ነበር። መንገዱ መሃል ላይ ያለችውን ኒውአርክን እየጸለይኩ አለፍኩ። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ገባሁ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

የመግቢያው መስታወት በር ከፊቴ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወለተ ማርያምን ያስገባሁበት ዓይነት በር። ልጁ ገና ጊዜው አልደረሰም… እኔ ከገባሁ… ውጭ ከቀረሁ ግን ደህና ይሆናሉ። ይህን አሰብኩ። በሰው ጥንቆላ ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ ይህን አሰብኩ። እግሬን ወደ ውስጥ መልሼ በሩን ዘጋሁ።

ደወለች። የት ደረስክ? «ኒውአርክ። መንገዱ ተዘጋግቷል።» ደግማ ደወለች። አሁንስ? «እየመጣሁ ነው ልጄ፣ አይዞሽ።» በሩ ግን ይታየኛል።

ቡልቻ ከስታዲየም ደወለ፣ ከኋላው ጩኸት። «የት ነህ? እዚህ አካባቢ እንዳትሆን!» የት እንዳለሁ ነገርኩት። እንዳልገባሁም፣ ለምን እንዳልገባሁም። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሂድ ግባ፣ አንተ ጅል፣ እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። «ጎበዝ! እዚያው ሁን። ለልጅቷም ይሻላል» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ሳሌም ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል አላነሳሁም። ምን ውሸት ቀረኝ?

የሕፃኑ የልብ ምት ወርዶ በሩጫ ኦፕሬሽን አስገብተዋታል። ብቻዋን ፈርማ፣ የማታውቃትን ነርስ እጅ ይዛ ነው የገባችው። ይህን የሰማሁት አመሻሽ ላይ ናዖድ ሲደርስ ነው። እሱን ተከትዬ ገባሁ። ወንድ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳሌም ከንፈሯ ደርቆ፣ ትራፊኩ በጣም ከባድ ነበር አይደል አለችኝ። ልታጽናናኝ።

«በጣም» አልኳት።

ፔሊካኖቹ ባላንጣችንን አሸነፉ። ከስንት ዓመት በኋላ! ቡልቻ መልእክት ልኮልኛል። ስላልመጣህ እግርህ ይባረክ ይላል።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ቡልቻ አራስ ሊጠይቅ ሳሌም ቤት መጣ። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ሶፋ ላይ ነበርኩ። ቡልቻ ክፋት የለበትም፣ ይህን ልጻፍለት። ሊያመሰግነኝ ነው የፈለገው።

«አባትሽን ቀላል ሰው እንዳይመስልሽ» አላት። «ያን ቀን ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ እግሩን ሰብስቦ ቁጭ ብሎ፣ ቡድናችንንም አንቺንም አዳነ!»

እየሳቀ ሁሉንም አወራላት። የሃያውን ነጥብ፣ የዝናቡን፣ የሰከንዷን፣ በየአንዳንዱ እኔ እንደነበርኩ፣ ከቀረሁ ወዲህ ስንቱን እንዳሸነፍን። ልጄ አማርኛ አትናገር እንጂ ሁሉንም ትሰማለች። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ቡና አቅርባለት፣ ሸኝታው፣ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች ጠየቀችኝ።

«ፓርኪንግ ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እኔ ስደውል?»

«አዎ።»

ስለ እናቷ ልነግራት ጀመርኩ፣ ስለ በሩ… «ለአንቺ ብዬ ነው» አልኩ። ሕፃኑን ከእጄ ወሰደችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ኔክስት ታይም ከመምጣትህ በፊት ኮል አድርግ» አለችኝ።

ልጄ ቤት ለመሄድ ላስፈቅድ። እንደ ባዳ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ደወልኩ። ናዖድ አነሳው። ተኝታለች አለኝ። እንደምን ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው… አክብሮቱ በዛብኝ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ደወልኩ። አላነሳችም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፣ ዋንጫ ያለበት። ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩትም። ማታ ቡልቻ ደወለ፣ የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ አልለየሁትም።

«ሃያ አራት ነጥብ እየመራን! በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተበላን! ጥሩነህ፣ የእኔም፣ የፍሬምናጦስም፣ የዚህ ልጅም ተደምሮ ይህን አያህልም። ማልልኝ፣ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«አልወጣህም?»

«አልወጣሁም።»

«ለካ አንተ አይደለህም!» ብሎ ጮኸ። «ሰማችሁ? እሱ አይደለም! ነፃ ነህ ወንድሜ፣ ለከርሞ አብረን ነን!» ከኋላው አሮንና ፍሬምናጦስ ሲያጨበጭቡልኝ ይሰማል።

እሺ አልኳቸው። አመሰገንኳቸውም መሰለኝ።

እንግዲህ እግሬ ምንም የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ደረቅ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ አዳንኩሽ እላት ነበር። አሁን ምን ልበላት? ልጄ ስትጣራ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ አባቷ።

ጃኬቴን ለበስኩ፣ ጫማዬን አሠርኩ፣ ከዚያ ደወልኩላት። አነሳች። ይህን ሁሉ ልነግራት ነበር። «ልምጣ?» የምትል ብቻ ወጣችኝ።

ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ኖት ቱዴይ፣ ዳዲ።»

«እሺ ልጄ» አልኳት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።