ሁለት ፋየርዎል፣ አንድ ወንድም

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

የአባታችን ጓደኛ ጋሼ ታደሰ እኔንና ወንድሜን ሊያስታርቁን ዛሬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ሰበሰቡን። ወንድሜ መናገር እንደጀመረ የኔ መስመር ተቋረጠ፤ ተመልሼ ልግባ ብል እምቢ አለ። በኋላ ጋሼ ደውለው «ጆሮው ላይ ዘጋህበት! ሽማግሌ እንዲህ ይናቃል?» አሉኝ።

ጉድ የሠራኝ አዲሱ ራውተር ነው። ሁለት ቁልፍ ካንድ ይሻላል ብዬ የሞደሙንም የራውተሩንም ፋየርዎል፣ ያንን የኢንተርኔት ሌባ መከላከያ፣ አብርቼ ነበር። ቤቴ ምን የሚሰረቅ አለና! ለካ ሁለቱ እየተጋፉ ጥሪውን ይቆርጡታል። ሴቲንግ ገብቼ የሞደሙን ኦፍ አደረግኩት፤ መስመሩ ጥርት አለ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም።

እሱ ያለበት ሬይኖልድስበርግ እኮ ከኔ ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ሄጄ ምን ልበለው? «ራውተሩ ነው»? እሱ እንዲህ ቢለኝ እኔ ራሴ አላምነውም ነበር።