ፖቶማክን ድንበር ላደረጉ ሽማግሌዎች

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ ጤናን፣ ለቤተሰቦቻችሁ ሰላምን፣ ለስብሰባዎቻችሁም እንደ ልማዳቸው ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ።

ምእመናኑን በዞን ከፋፍላችሁ በየዞኑ አስተባባሪ መሾማችሁን ከመድረክ ስሰማ ተደንቄያለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ሆኖም በጡረታዬ ስለ ፋርስ ነገሥታት ያገኘሁትን ሁሉ ስላነበብሁ፣ ዳርዮስ ከህንድ ዳርቻ እስከ ግብፅ የተዘረጋውን ግዛቱን ለገዥዎች እንዴት እንዳከፋፈለ ጥቂት አውቃለሁ። የእናንተንም ከዚያው ጋር አስተያይቼዋለሁ።

፩. ዳርዮስ ግዛቱን ሲከፋፍል አውራጃዎቹን የሚያገናኝ መንገድ ነበረው። እናንተ የፖቶማክን ወንዝ ድንበር አደረጋችሁና አረጋውያንን ለመጠየቅ የሚሄደው የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ እንዳይሻገር ወሰናችሁ። በዚያ መኪና በየሐሙሱ እየሄድሁ አብሬያቸው የምጸልየው አቶ ምናሴ፣ ዐይናቸው ጠፍቶ ከአረጋውያን ማረፊያ የማይወጡት ወዳጄ፣ የሌላ ዞን ሰው ሆነዋል። ከድልድዩ መጨናነቅ ስለገላገላችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪. የፋርስ ንጉሥ ትእዛዝ ለየሕዝቡ በየቋንቋው ይላክ ነበር። የቨርጂኒያ ዞን ጸሎት ግን በስልክና በእንግሊዝኛ ነው። አስተባባሪው ነህምያ እዚህ አሜሪካ የተወለደ ትሑት ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የማረፊያው ተንከባካቢ ስልኩን አጠገባቸው ስታስቀምጥላቸው አቶ ምናሴ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠብቀው አሜን ይላሉ። ምን እንደተባለ ብጠይቃቸው፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ለእኔ ግን አልነገረኝም አሉኝ።

፫. ንጉሡ አውራጃዎቹን ዞረው የሚያዩለት፣ የንጉሥ ዐይን የሚባሉ ሰዎች ነበሩት። ከመካከላችሁ ወንዙን ተሻግሮ አቶ ምናሴን ያየ ካለ ስሙን ንገሩኝና በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መሄድ ከፈለግሁ በአስተባባሪዬ በኩል እንዳስፈቅድ መክራችሁኛል። ደክሞኛል፤ ወዳጅ ለመጠየቅ ማስፈቀድን ግን በዚህ ዕድሜዬ አልለምድም። በባቡር እሄዳለሁ። የጣቢያው ደረጃ ጉልበቴን ቢፈትነውም ባቡሩ የእናንተን ካርታ ስላላየ እስካሁን ወንዙን ይሻገራል።

በአስተዳደራችሁ ስፋት እየተገረምሁ፣ ስለ ድፍረቴም ይቅርታ ሳልጠይቅ፣

የሜሪላንድ ዞን ተገዥያችሁ
ዓብዩ ለገሰ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ምናሴ በየሐሙሱ እያንዳንዳችሁን በስም እየጠሩ ይጸልዩላችኋል። ይህ ጸሎት ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ያለ ፈቃድ ሲሻገር መኖሩን ላሳውቃችሁ ግድ ሆኖብኛል። የሚከለከል ከሆነ ግን መልእክቱን እኔ አላደርስም፤ መጥታችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው።