የባለቤቴን ሕመም «ሦስት» ብለው ለመዘገቡት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር ፕሬስኮት ሃላም
የሆስፒታሉ የሕመም ማስታገሻ ምርምር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ቆዳዎ፣ በደኅና እንዲከርሙልኝ ከልብ እመኛለሁ። ማርሊስ ትቬት እባላለሁ፤ በመኸር ወራት የእህል ማድረቂያው ፈንድቶ ሁለት እግሩ የተቃጠለው የገበሬው የኦሪን ትቬት ሚስት ነኝ። እዚህ ሰሜን ሚኔሶታ የቤትን ገመና ጋዜጣ ላይ ማውጣት ነውር ስለሆነ፣ ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ ፊቴ ቲማቲም መስሎ መሆኑን ይወቁልኝ።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ በወረዳችን ጋዜጣ፣ የዓለም ምርምር ሁሉ ሕመምን፣ ዓይን ላይ ተደርጎ ሌላ ዓለም በሚያሳይ ምናባዊ መነጽር፣ ወደ ማስታገስ እያዘነበለ መሆኑን፣ የእርስዎም ክፍል ከፊት ከተሰለፉት አንዱ መሆኑን አስነብበውናል። እንኳን ደስ አለዎት። በደስታዎ ላይ የእኛንም ምስጋና ልጨምርበት።

፩. ቁስሉ ሲታጠብና ፋሻው ሲቀየር ኦሪንን በመነጽሩ ሞቃት ባሕር ውስጥ አስገብታችሁ ባለቀለም ዓሣ ስለምታሳዩት እናመሰግናለን። ዕድሜውን ሙሉ የበረዶ ሐይቅ እየበሳ ዓሣ ያጠመደ ሰው ነውና፣ «ማጥመድ ካልተፈቀደ እዚያ ምን ይጎልተኛል?» ብሎኛል። ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ ለእናንተማ «ቆንጆ ነው» ብሏችኋል።

፪. ብሪን የምትባለውን ጥናት መዝጋቢ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ምስኪን ልጅ ናት፤ እጥበቱ ባለቀ ቁጥር ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ እሱም «ኧረ ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ ከዚህም የባሰ አለ፤ ሦስት በይው» ይላታል። ሦስት ስትሰማ ፊቷ ይበራል። እኛ አገር፣ ክቡር ሆይ፣ ጎተራው እየነደደ «ትንሽ ጭስ አለ» የሚለው ሰው ነው ጨዋ የሚባለው፤ ለደከመ ሰው መጥፎ ቁጥር መስጠት ደግሞ ስድብ ነው። እርስዎ ከትልቅ ከተማ ስለመጡና እኛን ለማወቅ ጊዜ ስላልነበረዎት አልቀየምም።

፫. በመጀመሪያው ቀን መነጽሩ ከመድኃኒቱ ጋር ነው ብለውን ነበር። ሦስት ሦስቱ ሲደረደር ግን ከእጥበት በፊት የሚሰጠውን ማስታገሻ በግማሽ ቀነሱለት፤ ለጨዋነቱ የተከፈለው ዋጋ ይኸው ነው። ከትናንት ወዲያ ሲያጥቡት የአልጋውን ብረት ጨብጦ ጣቶቹ ነጡ፣ ጥርሱ ሲፋጭ እኔ ካለሁበት ወንበር ይሰማል። ብሪን «ስንት ነው አቶ ትቬት?» አለችው። «ሦስት። ቢበዛ ሦስት ተኩል፤ አትጨነቂ።»

፬. ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው እትዬ ማርሊስ?» አለችኝ፤ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ምን ይሉኛል ብዬ ነዋ! ባለቤቴ በመነጽራችሁ ተሸፍኖ አላየኝም፤ እግዜር ግን ያለ መነጽር ያያል። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ለይሉኝታ ስል አሳልፌ ሰጠሁት። አፈርኩ። ይባስ ብሎ በማግስቱ ለክፍላችሁ ኬክ ጋግሬ መጣሁ፤ እንደጣፈጣችሁ ሰምቻለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጥፋቱ የእኛም ነው። ነገር ግን ሰኞ ደግሞ ይታጠባል። እባክዎ ማስታገሻውን ይመልሱለት። መነጽሩም ይቅርበት አልልም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሳለ ሐሳቡን ሰረቅ አድርጎለት ነበር፣ ሌላውንም ሰው እንደሚረዳ አልጠራጠርም። ቁጥሩን ሲጠይቁት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ራስዎ መጥተው እጁን ይዩት።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ገበሬ እግር ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ቀና ብዬ ባለቤቴን ማየት እስክችል ድረስ አንገቴን ደፍቼ እጅ የምነሳዎ፣

ማርሊስ ትቬት

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ምሳ ላይ ነርሶቹ ሲወጡ በሩን ዘግቼ፣ በልጆቻችን አስምዬ ትክክለኛውን ቁጥር ጠየቅሁት። «ዘጠኝ» አለኝ። ቀጥሎም «ብሪን እንዳትሰማ፣ ልጅቷ ይከፋታል» ሲል ለመነኝ። ስለዚህ ለእርስዎ ጻፍኩ፤ እርስዎን እንደማይከፋዎት አውቃለሁ።