ይሉኝታ የያዘው ፈረስ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ ወገቧን እንዴት አደረጋት? የአክስታችን ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ከሁሉ ከሁሉ አባባ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እንዲያውም ልብስ የማጥብበት የላውንደሪው እንፋሎት ፊቴን አውዝቶት የወፈርኩ መስያለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። በሽታው የአባባን አንድ እጅ ካሰነፈው ወዲህ፣ ደስ ይበላቸው ብለህ ቼዝ ስትጫወቱ እያወቅህ ትሸነፍላቸው ነበር። እሳቸው ግን ገበታውን አልጋ ሥር ከተቱት፤ መቆጣቱን እንኳ ተዉት። ምን አጎደልኩባቸው ብለህ ነበር የጻፍክልኝ። ያኔ እንኳን መልስ ልሰጥህ ፈረስ በየት በኩል እንደሚዘል አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጉዴን ልንገርህ፤ ቼዝ እየተማርኩ ነው።

አስተማሪዬ የሆቴል አንሶላ በምናጥብበት ቤት ልብስ የሚተኩሱ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ካውያ እላቸዋለሁ። እዚህ ሰው አገር ከእሳቸው በቀር ቋንቋችንን የሚናገር ሰው ስለሌለ፣ ከእሳቸው ጋር ካላወራሁ ምላሴ ዝጎ ይቀራል። ምሳ ሰዓት ላይ የልብስ ቅርጫት ደፍተን ገበታውን እንዘረጋለን። አንደኛው ግንብ ስለጠፋ የሻምፑ ክዳን ተሹሞበታል።

መጀመሪያ የገረመኝ ንጉሡ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ይሞትለታል፣ እሱ አንዲት ቤት ፈቀቅ ለማለት ይጎተታል። ንግሥቲቱ ግን ቁርጥ እማዬን ናት፤ ጓዳውም ሳሎኑም ደጁም በእሷ ነው።

ቀጥሎ ዘዴዎቹን አሳዩኝ። ፈረስ ዘሎ ሲያርፍ ንጉሡንም ግንቡንም ባንድ ጊዜ ያስፈራራል። ንጉሡ መሸሽ ግዴታው ስለሆነ ግንቡ ይበላል። ይህን እሳቸው ሹካ ይሉታል። እኔ ይሄማ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሌላው ችንካር ነው። ንጉሡ ከኋላህ ቆሞ ጠላት ከፊት ሲያነጣጥርብህ፣ ብትነቃነቅ ንጉሡን ታጋልጣለህና ባለህበት ደርቀህ ትቀራለህ። እነዚህን ካወቅሁ ወዲህ ዓይኔ አላርፍ ብሏል። አውቶቡስ ላይ አንዲት እናት ልጇ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ ሻንጣዋ ደግሞ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የቱን እንደምትይዝ ግራ ሲገባት አየሁና፣ ሹካ ላይ ወደቀች ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ኋላ ግን ሻንጣውን ያዝኩላት።

አንድ ቀን ታዲያ ፈረሴ ቢዘል ንጉሣቸውንና ንግሥታቸውን ባንድ ላይ እንደሚይዝ አየሁ። ግን ሽበታቸውንና የሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸውን ሳይ ይሉኝታ ያዘኝ። የታላቅ ሰው ንግሥት ትበላለች እንዴ? እጄ ፈረሱ ጋ ደርሶ ተመለሰና አንድ ወታደር ገፋሁ።

አየሽው አይደል? አሉኝ። ምኑን? አልኳቸው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተቱና፣ «ልጄ፣ ጉልበቴ ደከመ እንጂ እኔ አልሞትኩም። የምታዝኚለት ሰው ካማረሽ ሌላ ፈልጊ» ብለውኝ ተነሡ። በማግስቱ ምሳቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያለ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አክብሬያቸው ሳለ ምን አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ያንተ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እህትና ወንድም ባንድ በሽታ ተይዘናል፤ እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ።

ሄጄ ይቅርታ ብላቸው አልሰሙኝም። ቅርጫቱን ደፍቼ፣ ዛሬ ምሕረት የለም ያሸነፈ ያሸንፍ ስላቸው ግን ገበታውን አወጡ። እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፤ ንግሥታቸውን ንጉሣቸው ፊት ቸንክሬ በላኋት። መነጽራቸውን አውልቀው ገበታውን አዩና፣ «አንቺ ሌባ!» ብለው ሲጮኹ አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ከዚያም ያለ ንግሥት፣ በዚያ በሻምፑ ክዳን አሸነፉኝ። እስከ ማታ ካውያቸውን እየገፉ ሲያፏጩ ዋሉ።

መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው ወንድሜ። አባባ የጎደለባቸው ባላጋራ ነው። አንተ ስትሸነፍላቸው እንደ በሽተኛ ብቻ ቆጠርካቸው፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ገበታውን ከአልጋው ሥር አውጣና የምትችለውን ሁሉ ተጫወት። መቼም ሙያህን ስለማውቅ ብዙ አታስቸግራቸውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አይ፣ ሳምልኝ፤ እንደ ራሴ አድርጌህ ነው። አክስታችንን ከሳልሽ ይማርሽ በልልኝ። ትንሿን እህታችንን ጠጠሮቹን እንዳትደብቅ እየቆነጠጥክ ሰላም በላት። ለአባባ ግን ሰላምታዬን አታድርስ። በእሱ ፈንታ ንግሥታቸውን ብላባቸው። ከጮኹብህ፣ ያሉህን ቃል ሳትቀንስ ጻፍልኝ፤ ስድባቸው ናፍቆኛል።

እህትህ
ከላውንደሪው ምድር ቤት፣ ከአንሶላው ክምር ጎን
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን