አቶ ጉልላት ኩማ እና የአሮጌ ካምፕ ቤቶች

አቶ ጉልላት ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ደበሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አባይነሽ አምሳሉ በ1934 ዓ.ም. በይርጋዓለም ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው፣ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሕንፃ ንድፍ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። ከዚያ ጀምሮ በአዋሳ በንድፍ ሠራተኛነት አገልግለዋል። በ1963 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፍቅርተማርያም ደምሴ ጋር ትዳር መሥርተው ሙሉጌታንና ፅጌን አፍርተዋል። በመናኸሪያ አካባቢ አጥሩ የጠመመበት ጎረቤት ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በደቡብ ሲዳሞ በወርቅ ቁፋሮ የኖረው አሮጌ ካምፕ በመንደር ምሥረታ እንዲደራጅ ሲወሰን፣ የአዲሱን መንደር ንድፍ እንዲያወጡ ታዘዙ። ቦታውን ሳያዩ፣ ቢሮ ተቀምጠው፣ አራት ቀጥ ያሉ ረድፎች ነደፉና ፈረሙ። ይህን ከሕይወት ታሪካቸው መዝለል አይቻልም፤ እሳቸውም እንዲዘለል አይፈልጉም ነበር።

ችካል ለማስተከል ሲሄዱ የቆፋሪዎቹን ቤቶች አዩ። ምሰሶው ጥድ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የተዘረጋ በርሜል ነው። አንዱ ቤት ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ገደሉ ዞሯል፤ በመሐላቸው ጥጃ እንኳ የማይታሰርበት ሜዳ አለ። አብረዋቸው የነበሩት ኃላፊ፣ ቆፋሪዎቹ ሰክረው ነው የሠሩት ብለው ሳቁ። እዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤት የሠሩት፣ አምና በሞት የተለዩን አናጺ ጋሽ ጠሀ ግን፣ "ሰክረንማ ቢሆን ቀጥ አድርገን በሠራነው ነበር፤ ልጄ፣ ሜዳው ከሥሩ ጉድጓድ ነው" አሏቸው።

ቆፋሪዎቹ ምሰሶ ከመትከላቸው በፊት መሬቱን በዘነዘና ይመቱ ነበር። ከሥሩ ክፍት የሆነው ቦታ በድምፁ ይለያል። ያንን ትተው ይሠራሉ፤ በሩንም ወደ ጠንካራው መሬት ያዞራሉ። አቶ ጉልላት አሥራ አንድ ቀን ከጋሽ ጠሀ ጋር መሬቱን እየመቱ የየቤቱን ልክ ወሰዱ፤ የተዘጉትን ጉድጓዶችም በወረቀት ላይ አሰፈሩ።

የፈረሙት ንድፍ እንዲታረም አመለከቱ። ልኩንና ጉድጓዶቹን ያሰፈሩበት ወረቀት ተወሰደባቸው፤ በእንቅፋትነት መፈረጅ ምን እንደሚያስከትልም ተነገራቸው። ባለቤታቸው ለልጆቹ ሲሉ ዝም እንዲሉ ለመኗቸው። አቶ ጉልላት ዝም አሉ። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ በጥር ወር 1980 ዓ.ም. ሰው ወደ አዲሶቹ ገባ።

የቆየ የጨጓራ ሕመማቸው ከዚያ ወዲህ ጸና። ከደቡብ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ወደ መናኸሪያው ሰው እየላኩ በካምፑ ዘንቦ እንደሆነ ያስጠይቁ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የሚያስፈሩትን ቤቶች በቃላቸው እየቆጠሩ ለባለቤታቸው አስጻፉ። የካቲት 21 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ከአሮጌ ካምፕ ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች፦ በሁለተኛው ረድፍ፣ ከቦኖው በኩል ሲቆጠር፣ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት ቤቶች፣ በአራተኛውም ረድፍ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ከሥራቸው ጉድጓድ ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ውጡ። ላልመጡትም ንገሩ። ይህ እዚህ እንዲነበብ የወሰኑት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላ ማንም አያውቅም።

እግዚአብሔር የአቶ ጉልላትን ነፍስ በማይናወጥ ስፍራ ያሳርፍልን።